በጋዜጣ የተጠቀለሉ ዘጠኝ ድንጋዮች

ምን አለሽ ተራ ቆርቆሮ መቀጥቀጥ ከጀመርኩ አርባ አንድ ዓመት ሆነኝ። ትምህርቴ እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ማንበብ እወዳለሁ፤ መጻፍ ግን ልማዴ አይደለም። ይህን የምጽፈው በአንድ ሰው ላይ የተናገርኩት ክፉ ቃል ብዙ ጆሮ ስለገባ ነው። ቃሉን በአደባባይ መልሼዋለሁ። ነገር ግን ክፉ ቃል ሲነገር የሚሰማው ብዙ ነው፤ ሲመለስ የሚሰማው ጥቂት ነው። ያልሰማ ያንብብ።

በእኛ ሥራ አንድ ልማድ አለ። ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛው በኪሎ ነው። በኪሎ የሚሸጥ ነገር ውስጥ ደግሞ ድንጋይ አይጠፋም። በርሜል ውስጥ ሲሚንቶ አፍስሶ የሚያደርቅ አለ። ቱቦ ውስጥ አሸዋ ሞልቶ ሁለቱን አፍ የሚደፍን አለ። ስለዚህ ገዢ ከመመዘኑ በፊት ይገለብጣል፣ ያራግፋል፣ ያንኳኳል። ድንጋይ ካገኘ አይጠይቅም። ወደ ሻጩ ይወረውርና "ድንጋይህን ይዘህ ሂድ" ይለዋል። በተራችን ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። የተባለ ሰው ዕቃው በየደጁ እየተገለበጠና እየተዳሰሰ ወራት ይኖራል።

እኔ ይህን ቃል ለዘይኑዲን ተናገርኩት።

ዘይኑዲን ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር መጋዘን አለው። አዲስ አበባ ሲመጣ በትከሻው ጆንያ ይዞ "ቁራሌው" እያለ በየሰፈሩ ይዞር ነበር። የመጀመሪያውን ጆንያ የገዛሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት አልፏል፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከጆንያው ጠጠር አላገኘሁም። ታላቁ ስለሆንኩ "ጋሽ በሪሁን" ይለኛል፤ ስለተዋደድን ደግሞ "አንተ" ይለኛል።

ባለፈው ጥር መጨረሻ አራት አረንጓዴ የብረት ካቢኔቶች በጋሪ አስጭኖ መጣ። ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የገዛቸው ናቸው። ሦስቱ ባዶ ነበሩ። የአራተኛው ታችኛ መሳቢያ ግን ተቆልፏል፤ ቁልፍ የለውም። በፌሮ ቁራጭና በመዶሻ ሰበርኩት። ውስጡ ዘጠኝ ድንጋይ ነበር። እያንዳንዱ በጋዜጣ ተጠቅልሏል። በመካከላቸው ስፖንጅ ተጠቅጥቋል።

የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን፣ ድንጋይን በጋዜጣ ጠቅልሎ የሚያስቀምጥ ማን ነው ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ መልሱን የማውቅ መሰለኝ። በመሳቢያ ውስጥ ያለ ድንጋይ ሲነቀነቅ ይንኳኳል። የተጠቀለለ አይንኳኳም። ይህን ያደረገ ሰው የገዢን ጆሮ ለማታለል አስቦበታል አልኩ። ሁለቱን ፈታኋቸው። ግራጫ፣ ጠፍጣፋ ናቸው። በአንዱ ጥግ ላይ በነጭ ቀለም 31 ተጽፎበታል። በሁለተኛውም ላይ 31 አለ። አስቀድሞ መዝኖ ክብደታቸውን ጽፎባቸዋል ብዬ ደመደምኩ።

ሚዛኑ አጠገቤ ነበር። አልመዘንኳቸውም።

"ጋሽ በሪሁን፣ እኔም አሁን ነው ያየሁት" አለ ዘይኑዲን።

"ሠላሳ ዓመት ስታዘጋጅልኝ የኖርከው ይህን ነው?"

"ወላሂ የመሥሪያ ቤቱ ነው።"

"መሥሪያ ቤት ድንጋይ ጠቅልሎ ይቆልፋል?"

አንዱን ወረወርኩለት። የቀሩትንም በየተራ ገፋሁለት። "ድንጋይህን ይዘህ ሂድ" አልኩት። መዶሻዎቹ ሁሉ ቆመው ነበር። ሁሉም ሰማ። አንዱን ድንጋይ ግን ለራሴ አስቀረሁ፤ መልሼ በጋዜጣው ጠቀለልኩትና መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩት። ሰው ቢጠይቀኝ ማስረጃ ይሆነኛል ብዬ ነው።

ዘይኑዲን ጎንበስ ብሎ ስምንቱን ድንጋይ አንድ በአንድ ለቀመ። ጆንያ ውስጥ ከተታቸው። እያነከሰ ሄደ። ያነከሰው ለምን እንደሆነ ያን ቀን አላሰብኩም።

ከዚያ በኋላ በተራው ውስጥ ስሙ "ድንጋዩ" ሆነ። እኔም ካቢኔቶቹን ቆርጬ የከሰል ምድጃ ሠራሁባቸው።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ አንዲት ሴት ደብሪቱ ሱቅ ፊት ቆመች። ደብሪቱ የምሠራውን ምድጃ የምትሸጥልኝ ጎረቤቴ ናት፤ ከእኔ መቀጥቀጫ እስከ እሷ በር አምስት እርምጃ ነው። ሴትየዋ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ጫማዋ አቧራ ለብሷል። አንዱን ምድጃ አንሥታ ከጎኑ የተለጠፈውን ወረቀት ታነባለች። የመሳቢያው ፊት ሳይላጥ ወደ ምድጃው ጎን ገብቶ ነበር፤ ወረቀቱም አብሮ።

"እናቴ፣ የሚሸጠው ምድጃው ነው" አለቻት ደብሪቱ። "ወረቀቱን እመርቅልሻለሁ።"

"ይሄ የእኔ ጽሕፈት ነው" አለች ሴትየዋ።

"ምድጃ ላይ ነው የምትጽፊው?"

"ካቢኔት ላይ ነበር። ይህን ማን ሠራው?"

ደብሪቱ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። "እኚያ ዝም ያሉት። ብቻ ቀስ ብለሽ ጠይቂያቸው። ሰሞኑን የድንጋይ ነገር ሲነሣ ፊታቸው ይጠቁራል።"

ሴትየዋ ወደ እኔ መጣች። ስሟ እስከዳር ነው። ተመራማሪ ነኝ አለችኝ። መስክ ሄዳ ስትመለስ ካቢኔቷ እንደ አሮጌ ዕቃ ተሽጦ ጠበቃት። ከንብረት ክፍሉ ለማን እንደተሸጠ የሚነግራት አላገኘችም። ካቢኔት ተቆርጦ የሚያልቀው ምን አለሽ ተራ ነው ያላት አንድ ዘበኛ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ተራውን ስትዞር ውላለች።

"አባባ፣ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ድንጋዮች ነበሩ" አለችኝ። "በጋዜጣ የተጠቀለሉ።"

መዶሻዬን አስቀመጥኩ።

ከመደርደሪያው ያስቀረሁትን አውርጄ ሰጠኋት። ፈታችው። አየችው። ከዚያ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። ድንጋዩ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ጥቁር ነገር አለ። ቀድሞም አይቼው ነበር፤ የሬንጅ ነጠብጣብ መስሎኝ ነበር።

"ምንድን ነው?" አልኳት።

"ጥንዚዛ። የውኃ ጥንዚዛ። ይሄ የክንፉ ሽፋን ነው። ሥጋው ይበሰብሳል፤ ሽፋኑ ግን ጠንካራ ስለሆነ ጭቃው ድንጋይ እስኪሆን ይቆያል።"

"ስንት ዘመኑ ነው?"

"ሃያ ሚሊዮን ዓመት አልፎታል። ያገኘሁት ሸዋ ውስጥ ከአንድ ገደል ነው። ያኔ ሐይቅ ነበር።"

ደብሪቱ ከበሯ ሆና ትሰማለች። "ሃያ ሚሊዮን ዓመት ያልለቀቀ ጥቁር ቀለም?" አለች። "ጋሽ በሪሁን፣ የት እንደሚሸጥ ይጠይቁልኝ። እርስዎ የሚቀቡልኝ በዓመቱ ይላጣል።"

እስከዳር ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ ጠፋ። ድንጋዩን ገለበጠችው፤ ጋዜጣውን አራገፈች።

"ሌላኛውስ?" አለች። "ሠላሳ አንድ ቁጥር ያለባቸው ሁለት ናቸው። ድንጋዩ ሲሰነጠቅ እንደ ዳቦ ለሁለት ተከፈለ። ጀርባው በዚህኛው ቀረ፤ ሆዱ በሌላኛው። እኔ የምፈልገው ሆዱን ነው።"

"ጀርባው አይበቃም?"

"አይበቃም አባባ። ውኃ ውስጥ የሚኖር ጥንዚዛ ሁሉ የአንድ ቤት ልጅ አይደለም። የየብስ ጥንዚዛዎች ናቸው፤ የተለያዩ ወገኖች በተለያየ ዘመን ወደ ውኃ ገቡ። ለውኃ የሚመቸው ቅርጽ ግን አንድ ነው። እንቁላል የመሰለ፣ ለስላሳ። ስለዚህ ከላይ ሲያዩዋቸው..."

"ይመሳሰላሉ።"

"አዎ።"

"ከሥር ነው የሚለዩት።"

ቀና ብላ አየችኝ። "ማን ነገረዎት?"

"ጣሳ" አልኳት።

እውነቴን ነው። በተራችን ጣሳ የሚለየው ከሥሩ ነው። ቀለሙ ያታልላል፤ ወረቀቱ ይቀደዳል። ገልብጠህ ሥሩን ስታይ በእጥፋት የተያያዘውን በብየዳ ከተያያዘው ትለያለህ። እጥፋቱን ካየህ ከየትኛው ፋብሪካ እንደወጣ ታውቃለህ። አንድ መልክ ያላቸው ሁለት ጣሳዎች አባታቸው አንድ ላይሆን ይችላል።

እስከዳር ጣቷን በጥንዚዛው ላይ ሳታሳርፍ እያንዣበበች አስረዳችኝ። አንዱ ወገን ጠላቂው ነው። አድኖ ይበላል፤ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን አንድ ላይ እየመታ ይዋኛል። ሌላው ወገን ለቃሚው ነው። የበሰበሰ ቅጠል ይበላል፤ ሲዋኝ እግሩን የሚያፈራርቀው እንደሚራመድ ሰው ነው። በጠላቂው ሆድ ላይ የኋላ እግሮቹ መሠረት እንደ ሁለት ሳህን ተዘርግቶ ከአካሉ ጋር ይጣበቃል፤ የሆዱን የመጀመሪያ ቀለበት መሐሉን ይቆርጠዋል። በለቃሚው ላይ ቀለበቱ ሳይቆረጥ ከዳር ዳር ያልፋል።

"የእኔ ጠላቂ ነው" አለች። "ጽፌዋለሁ። ስምም አውጥቼለታለሁ። የአንድ ፍጥረት ስም የሚቆመው በአንድ ድንጋይ ላይ ነው፤ የስሙ ምስክር ያ ድንጋይ ነው። ጽሑፌን ለሚመረምሩት ምሁራን ፎቶውን ልኬ ነበር። አንዱ ቀለበቱን የምትቆርጠው የሆዱ መስመር ጭረት ናት አለ። ሌላው በኮምፒዩተር የተሣለች ናት አለ። ነገ ጠዋት ዋናው መርማሪ ራሳቸው ይመጣሉ። ድንጋዩን አሳዪኝ ብለውኛል።"

"ካላሳየሻቸውስ?"

"የአራት ዓመት ሥራ ይዘጋል። እሱ ይቅር። ውሸታም ነች ይባላል። ድንጋዩ ኖሮ አያውቅም ይባላል።"

ሰውን ውሸታም ማሰኘት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

"ሌላኛውን ለአንድ ሰው ወረወርኩት" አልኳት።

"ወረወሩት?"

"ወረወርኩት።"

"ምን ላይ ወደቀ?"

አላስታውስም ነበር። ምን አለሽ ተራ መሬቱ ብረት ነው ማለት ይቻላል። ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኳት፤ ቁጥሩን ክብደት መስሎኝ እንደነበረም ነገርኳት። አልተቆጣችም። ድንጋዩን ጠቀለለች። መቀሴን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ ተነሣሁ።

ወደ ሰባተኛ የሄድነው በእግር ነው። ተሸካሚዎች "ዞር በሉ" እያሉ በመካከላችን ያልፋሉ። ዝምታው እንዳይከብዳት ብዬ አንድ ነገር አወራኋት። ጎጃም ልጅ ሳለሁ ከወንዛችን ላይ የሚሽከረከሩ ጥቃቅን ጥቁር ነፍሳት ነበሩ። የውኃ እናት እንላቸው ነበር። ልትይዛቸው እጅህን ስትልክ ይበተናሉ፤ ከላይም ከታችም ብትመጣ ያዩሃል።

"እነሱም ጥንዚዛ ናቸው" አለች። "ግን ሦስተኛ ቤት ናቸው። ዓይናቸው ለሁለት የተከፈለ ነው። ግማሹ ከውኃው በላይ ያያል፤ ግማሹ ከውኃው በታች። የእነሱ ወገን ቅሪት በጣም ጥንታዊ ነው፤ ዳይኖሰሮች ሳይበዙ ነበሩ።"

ከዚያ እስከ መጋዘኑ ድረስ የማስበው ስለዚያ ዓይን ነበር።

ዘይኑዲን በመጋዘኑ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። ሚስቱ ሀምዲያ የምሳ ሳህን እየሰበሰበች ነው። ሲያየኝ አልተነሣም።

"አቶ በሪሁን፣ ደኅና ዋሉ?" አለኝ።

አቶ አለኝ፤ አንቱም አለኝ። ሠላሳ ዓመት አንድም ቀን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

ሀምዲያ ሳህኖቹን እንደያዘች ቆመች። "ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሊወረውሩብን መጡ?" አለች።

"ድንጋዮቹ አሉ?" አልኩ።

"አሉ" አለ ዘይኑዲን። "የት ይሄዳሉ? እሑድ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። ፊታቸው ላይ አስቀምጬ፣ ሠላሳ ዓመት አብሬው የነገድኩ ሰው በእነዚህ ድንጋዮች ስሜን አጠፋው እላለሁ። ማስረጃዎቼ ናቸው።"

እኔም አንዱን ድንጋይ ያስቀመጥኩት ማስረጃ ብዬ ነበር። አልነገርኩትም። እስከዳርን ወደ ፊት አቀረብኳት፤ ራሷ ነገረችው። እሱ ሰማት። በመሐል አላቋረጣትም። ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረ።

"የመሥሪያ ቤቱ ነው ብዬ ነበር" አለ።

"ብለህ ነበር።"

"ወላሂ ብዬ ነበር።"

"አዎ።"

ወደ ውስጥ ገብቶ ጆንያውን አመጣ። ሀምዲያ ሳህኖቹን አስቀምጣ ከእጁ ቀደመችው። "ቆይ፣ አንዴ ልጥረጋቸው" አለች። "ለሽማግሌ የሚቀርብ ነገር ብዬ በኦሞና በብሩሽ አጥቤያቸዋለሁ።"

እስከዳር አንድ እጇን በሩ ላይ አሳረፈች።

"አጠብሻቸው?" አለች።

"ሰባቱን። ስምንተኛው አቃጠለኝ። በረሮ ደርቆ ተጣብቆበታል። ፈተግ ፈተግ ባደርገው አልለቅ አለ። በቢላ ልልጠው ስል ዘይኑዲን 'ተይው፣ የማይረባ ድንጋይ ነው' አለኝ። ተውኩት።"

እስከዳር መሬት ላይ ተንበርክካ ጆንያውን ፈታች። አንድ በአንድ አወጣች። ቁጥሮቹ በሳሙናው ለቀዋል። የመጨረሻውን ስታወጣ እጇ ቆመ። ወደ ብርሃኑ አዘነበለችው። ጥቁሩ ነገር እንዳለ ነው፤ ጠርዙም አልተሸረፈም።

"አልተሰበረም" አለች በዝግታ። "መሬት ላይ ወድቆ እንዴት አልተሰበረም?"

"መሬት ላይማ አልወደቀም" አለ ዘይኑዲን። "እዚህ ላይ ነው የወደቀው።"

ጫማውን አውልቆ ካልሲውን ሳበው። የቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር ከል መስሎ ጠቁሯል።

"ተመስገን" አለች እስከዳር። ወዲያው አፏን በእጇ ከደነችው። "ይቅርታ ጋሼ፣ እንደሱ ማለቴ አይደለም።"

መጀመሪያ የሳቀችው ሀምዲያ ናት። ቀጥሎ ራሱ ዘይኑዲን። "ብለሻል እኮ" አለ። "ማን በእግሬ ተመስገን ብሎ ያውቃል?"

ከዚያ ጆንያውን ወደ እሷ ገፋው። "ውሰጂ። ሁሉንም ውሰጂ።"

"እሑድስ?" አልኩት። "ማስረጃህ ነው።"

"እሷም ማስረጃ ነው የምትፈልገው። የእሷ ነገ ነው፤ የእኔ እሑድ ነው። ደግሞ ልጅቷ ምን በደለችኝ?"

አሥራ ስምንት ቀን ያጠራቀመውን ክርክር በአንድ ቃል ተወው። ሊያስገድደኝ ይችል ነበር፤ ሊያስለምነኝም ይችል ነበር። ድንጋዩን ተቀብለን መሄድ እንችል ነበር። እስከዳር ቸኩላለች፤ እኔን ማንም ምንም አልጠየቀኝም።

"ተነሥ ዘይኑዲን" አልኩት። "ቃሉ ወደ ተሰማበት እንሂድ።"

ከዚያ ጫማውን አጠለቀ። እስከዳር የጥንዚዛውን ሁለት ድንጋዮች ብቻ ደረቷ ላይ አቅፋ ይዛለች። ሰባቱ በጆንያው ቀሩ። ተሸካሚ ልጥራ ስል ከለከለኝ። እንደ ድሮው ጆንያውን በትከሻው ጣለና ከፊት ከፊት ሄደ። ሀምዲያም መጋዘኑን ዘግታ ተከተለችን። "ሲሰደብ አልነበርኩም" አለች። "ሲመለስለት እንኳ ልስማ።"

ምን አለሽ ተራ ስንደርስ የመዶሻው ድምፅ እንደ ወትሮው ጆሮ ይበሳል። የእኔን መዶሻ አንሥቼ ባዶ በርሜል ሦስት ጊዜ መታሁ። በተራችን ይህ የሚደረገው እሳት ሲነሣ ወይም ሰው ሲሞት ነው። መዶሻዎቹ እየተከተሉ ዝም አሉ። ሰው ከየበሩ ወጣ።

ብዙ መናገር አልችልም። "ባለፈው ለዘይኑዲን ድንጋይህን ይዘህ ሂድ ብዬዋለሁ" አልኩ። "ሰምታችኋል። ድንጋዩ የእሱ አልነበረም። የዚህች ልጅ ነው፤ የትምህርት ድንጋይ ነው። እሱ እውነቱን ነገረኝ፤ እኔ አላመንኩትም። ሚዛን አጠገቤ እያለ ሳልመዝን ተናገርኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ከብየዳ ቤቱ በኩል አንዱ "ጋሽ በሪሁን፣ የትምህርት ድንጋይ ደግሞ በኪሎ ስንት ነው?" አለ።

"አንተ የምታውቀው ትምህርት ቤት የሚወረወረውን ነው" አለችው ደብሪቱ።

ተሳቀ። መዶሻዎቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። ከሳቁ ይልቅ የመዶሻዎቹ መመለስ አረጋጋኝ። ዘይኑዲን ጆንያውን አውርዶ ትከሻውን አሸ።

"ጋሽ በሪሁን፣ ውኃ የለህም?" አለኝ።

ውኃ በጣሳ ሰጠሁት። ጠጥቶ ጣሳውን መለሰልኝ።

እስከዳር ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ቁራጭ ላሜራ ዘርግታ ሁለቱን ድንጋዮች ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ከዚያ አንዱን በአንዱ ላይ ገጠመችው። ስንጥቁ ፀጉር አላስገባም። ከፈተችውና ማጉያ መነጽሯን ሰጠችኝ።

"መስመሯን ይዩልኝ" አለች። "እኔ አራት ዓመት ስላየኋት ዓይኔን አላምነውም።"

ረጅም ጊዜ አየሁ። ሆዱ ላይ ቀለበቶች አሉ፤ ልክ እንደ ጣሳ ወገብ። ከላይ ሁለት ሳህን የመሰሉ ነገሮች ተዘርግተዋል። በሳህኖቹ ጠርዝ ላይ መስመሯ ትሄዳለች።

"ጭረት አይደለችም" አልኩ።

"እንዴት አወቁ?"

"ጭረት ያገኘውን ሁሉ ቆርጦ ያልፋል፤ ለማንም አያዳላም። ይቺ ጠርዙን ተከትላ ነው የምትሄደው። በግራ የታጠፈችውን ያህል በቀኝ ታጥፋለች፤ የመጀመሪያው ቀለበት መሐሉ የለም። የተጋጠመ ነገር ነው። እጥፋት ነው።"

ዘይኑዲንም አየ። "ሳህኑ እንደ ክዳን ተጭኖበታል" አለ። ሀምዲያ አየችና "እኔ ይህን በቢላ ልልጥ ነበር" ብላ መነጽሩን ቶሎ መለሰች።

እስከዳር ማስታወሻዋን አውጥታ የተናገርኩትን ጻፈች። ከአረንጓዴው ካቢኔት አንድ የመሳቢያ ጎን ተርፎኝ ነበር። እሷ ስትጽፍ ቆርጬ፣ አራቱን ጠርዝ አጥፌ፣ መሐሉን ለሁለት ከፍዬ ክዳን ያለው ሳጥን ሠራሁላት። አንዳችም ብየዳ አላስገባሁበትም። ከውስጥ የቀድሞውን ስፖንጅ ቆርጬ አነጠፍኩ። ደብሪቱ ምድጃው ላይ የነበረውን ወረቀት በጥንቃቄ ልጣ አምጥታ ክዳኑ ላይ ለጠፈችው። "እመርቅልሻለሁ ብዬሽ አልነበር?" አለቻት።

በማግስቱ ጠዋት ዘይኑዲን ያለ ዕቃ መጣ። በዚህ በኩል ሳልፍ ነው አለ። ከሰባተኛ ወደ እኔ የሚያሳልፍ ጉዳይ እንደሌለው ሁለታችንም እናውቃለን። ባልዲው ላይ ተቀመጠ። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኬ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"አባባ፣ አዩት" አለች እስከዳር።

"ምን አሉ?"

"መጀመሪያ ሳጥኑን ማን ሠራው አሉ። ከዚያ ጀርባውን አዩና ለቃሚ ሊሆን ይችላል አሉ። ከዚያ ሆዱን ሰጠኋቸው። መብራት አስጠጉ። መስመሯ ጠርዙን ተከትላ በሁለቱም በኩል እኩል እንደምትታጠፍ ነገርኳቸው። 'አዎ፣ ጭረት እንዲህ አይሄድም' አሉ። ጠላቂ ነው አሉ አባባ። ስሙ ቆመ።"



"አልሐምዱሊላህ" አለ ዘይኑዲን።

ከዚያ ቀን በፊት ባሉት አሥራ ስምንት ቀናት ራቴን በደንብ በልቼ አላውቅም ነበር፤ ያንን ያወቅሁት ያን ቀን ሲርበኝ ነው። ደብሪቱን ጠርቼ ምሳ ለሦስት እንድታዝ ነገርኳት። "ለሦስት?" አለች። "ጋሽ በሪሁን ገንዘብ አገኙ እንዴ?" "እንደዚያ በይ" አልኳት።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ዘይኑዲን ክስ የለኝም አላቸው። እነሱ ግን ከመጡ አይቀር አንድ የሌላ ሰው ጠብ አስታርቀው ተነሡ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዘይኑዲን ሁለት ጆንያ ቁርጥራጭ ይዞ መጣ። ጆንያዎቹን ወደ ሚዛኑ ስጎትት ያዘኝ።

"አትገለብጠውም?" አለ።

"አያስፈልግም።"

"ገልብጠው እንጂ ጋሽ በሪሁን። ልማድ ልማድ ነው።"

የመጀመሪያውን ገለበጥኩት። ብረት ነው። ሁለተኛውን ገለበጥኩት። ከቁርጥራጩ መካከል በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ዱብ አለ። አጠገባችን ያሉት መዶሻዎች ቆሙ። ደብሪቱ አንገቷን አወጣች። ፈታሁት። የመንገድ ዳር ጥቁር ድንጋይ ነው። በጠመኔ 31 ተጽፎበታል።

ዘይኑዲን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል።

ድንጋዩን ወደ ሚዛኑ ወስጄ መዘንኩት።

"ስንት ሆነ?" አለኝ ሳይዞር።

"ስምንት መቶ ግራም።"

"ቁጥሩ ታዲያ አይገጥምም።"

"አይገጥምም" አልኩ። አንሥቼ ገለበጥኩትና ሥሩን አየሁት።

"ምን አለው?"

"ምንም የለውም።"

"እንግዲያው ጣለው። ብቻ እግሬን አየት አድርግ።"

አልጣልኩትም። የጠረጴዛዬ አንድ እግር ስንት ዓመት ያጥር ነበር። ከሥሩ አስገባሁት። አሁን ስቀጠቅጥ አይወዛወዝም።